ነጭ ዓሣ በክረምት የት ይገኛል?

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ምንጭ ውሃ አያያዝ አንብበናል። ዛሬ ስለ ዓሣ እናነባለን። ጽሑፉ ከወትሮው ረዘም ይላል። በአንድ ማታ ካላለቀ በሁለት ማታ ይነበብ። ከበድ ያሉ ቃላት ከታች ተፈተዋል።

ይህን ርእስ የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ። በጣና ዳር ባሉ ጣቢያዎች የምናስተምር ተማሪዎች ተሰብስበን ስንነጋገር፣ ከብዙ ጣቢያ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጣ። «ዓሣው የት ሄደ? ድሮ ከደጃችን ይገኝ ነበር። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቀዝፈን ጥቂት ይዘን እንመለሳለን» የሚል ነው። ሌሎች ደግሞ «ክረምት ሲገባ ግን ወንዝ አፍ ላይ ዓሣ ይፈላል» አሉን። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱ ነገሮችም የተያያዙ ናቸው። እንዴት እንደ ተያያዙ እንይ።

ሦስቱ የጣና ዓሦች

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ እንዲህ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው። እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ያህል ቢሆን ነው።

ለገበያ የሚወጡት የጣና ዓሦች በሦስት ይከፈላሉ። ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው።

ቀረሶ ሰውነቱ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የጀርባው ክንፍ ረጅምና እሾሃም ነው። እጅ ይወጋል።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ገላው ያሙለጨልጫል። ራሱ ጠፍጣፋ ነው፤ ረጃጅም ጢሞች አሉት። ከውሃ ውጭም ብዙ ሰዓት ሳይሞት ይቆያል።

ነጭ ዓሣ ቅርፊቱ ትልልቅና የሚያብረቀርቅ ነው። በአፉ ዳርና ዳር አጫጭር ጢሞች አሉት። አፉን ከፍታችሁ ብታዩ ጥርስ አታገኙም። ጥርስ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። የሚበላውን የሚያደቅቀው እዚያ ነው። በውጭ አገር ካርፕ የሚባል ዓሣ አለ። ነጭ ዓሣና ካርፕ የአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው። የካርፕ ወገን ሁሉ ጥርሱ በጉሮሮው ነው።

እኛ «ነጭ ዓሣ» ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። ያጠኑት ሊቃውንት 15 ያህል ዓይነት ቆጥረዋል። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፤ ከጭቃና ከድንጋይ ላይ ይለቅማል። ሌላው አፉ ሰፊ ነው፤ ሌላ ዓሣ እያሳደደ ይበላል። ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በሊታዎች ናቸው።

ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ከጣና በቀር ሌላ ቦታ የላቸውም። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ገደል ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከሌላው የዓባይ ዓሣ ተለይተው እዚሁ ብቻቸውን ኖሩ። እዚሁ ተዋለዱ፣ እዚሁ ዓይነታቸው በዛ። ከዚህ ከጠፉ ከየትም አይመጡም።

ክረምት ሲገባ ሁሉም ቤቱን ይለውጣል

ዝናቡ ሲከብድ ሦስቱም ዓሦች የመራቢያ ጊዜያቸው ይሆናል። ቦታቸው ግን ይለያያል።

ቀረሶ ወደ ዳር ይጠጋል። ደንገልና ሣር ባለበት፣ ውሃው ሳሳ ባለበት ይራባል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ሲፈሩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

አምባዛ ጎርፍ ወደ ሸፈነው ሜዳ ይወጣል። የፎገራና የደንቢያ ሰዎች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሜዳው ውሃ ሲተኛበት አምባዛ ከሣሩ መሐል ይገኛል።

ነጭ ዓሣስ? ነጭ ዓሣ ወንዝ ይወጣል። ሁሉም ዓይነት አይደለም፤ ቢያንስ 7 ዓይነት ግን እንደሚወጣ በጥናት ታውቋል። የሚወጣባቸው ወንዞች እነዚህ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ጉማራ፣ ርብና አርኖ ጋርኖ። በሰሜን በኩል መገጭና ድርማ። በደቡብ በኩል ግልገል ዓባይ።

ለምን ይወጣል? የሐይቁ ወለል ብዙው ጭቃ ነው። የነጭ ዓሣ እንቁላል ጭቃ ላይ ከወደቀ ይታፈናል። እንቁላልም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። ፈሳሽ ውሃ ድንጋይ ላይ እየተላተመ ሲወርድ አየር ይይዛል። ጠጠር ደግሞ እንቁላሉን በስንጥቁ ይደብቀዋል። ስለዚህ ነጭ ዓሣ ትልቁን ወንዝ ይዞ ይወጣና ወደ ትንንሾቹ ገባር ወንዞች ይታጠፋል። ውሃው ጥርት ብሎ የሚሮጥበት፣ ታቹ ጠጠር የሆነበት ቦታ ሲያገኝ እንቁላሉን ይጥላል። ከዚያ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ጫጩቶቹም በጊዜያቸው ወንዙን ይዘው ይወርዳሉ።

ጉዞው በአንድ ቀን አያልቅም። በሐምሌ ዓሦቹ ከሰፊው ሐይቅ እየመጡ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ነሐሴና መስከረም ዋናው የመውጫ ጊዜ ነው። እስከ ጥቅምት የሚዘገዩም አሉ።

እንዴት ይታያል?

ነጭ ዓሣን በክረምት ማየት ለሚፈልግ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የውሃውን ቀለም ተመልከቱ። በክረምት ወንዙ ደፍርሶ አፈር ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ድፍርሱ ውሃ ከሐይቁ ውሃ ጋር የሚገናኝበት ድንበር ከሩቅ ይታያል። ሊወጣ የተዘጋጀ ዓሣ ከዚያ ድንበር አካባቢ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ ወፎችን ተመልከቱ። ዓሣ በሊታ ወፎች አንድ ቦታ ላይ ከተከማቹ ከሥራቸው ነገር አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የውሃውን ፊት ተመልከቱ። ነፋስ ሳይኖር ውሃው ክብ እየሠራ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ቦጭ ቦጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ዓሣ ተሰብስቧል።

አራተኛ፣ ወደ ላይ ወጥታችሁ ገባር ወንዞቹን ተመልከቱ። ጠጠር ላይ ውሃው ሳሳ በሚልበት ቦታ የዓሣው ጀርባ ከውሃ በላይ ሊታይ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ከፀሐይ ትይዩ ቁሙ። ፀጥ ካላችሁ ዓሣው አይሸሽም።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብታሳዩአቸው ደስ ይለናል። ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። እነዚህን ምልክቶች ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ያውቃል። ዓሣው በቀላሉ የሚታይበት ጊዜ በቀላሉ የሚያዝበትም ጊዜ ነው። የሚያዘውም ሆዱ እንቁላል እንደ ሞላ ነው።

ዓሣው ለምን አነሰ?

ድሮ በጣና ዓሣ የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። በተለይ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ መሥራትንና ዓሣ ማጥመድን ከአባቶቻቸው የወረሱ ናቸው። ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ የሚይዘውም ጥቂት ነው።

ከ1978 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። ዓሣ ወደ ከተማ ገበያ በብዛት መጓዝ ጀመረ። ብዙ ሰው ሥራ አገኘ፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ጀልባዎቹ በክረምት ወንዝ አፍ ድረስ ሄደው መረብ መጣል ጀመሩ። ለመራባት የተሰበሰበው ዓሣ በአንድ ሌሊት ብዙ ይያዛል።

ተመራማሪዎች በባሕር ዳር በኩል ያለውን የሐይቁን ክፍል አጥንተዋል። ከ1983 ዓ.ም. አካባቢ እስከ 1993 ዓ.ም. አካባቢ ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣ መጠን በ75 በመቶ ቀነሰ። ይህ ማለት ከ4 ቁና 3 ቁና ጎድሎ 1 ቁና ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ጥፋቱ ግን የአጥማጁ ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ገበሬም ድርሻ አለው። በአንዳንድ ቦታ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይጨመራል። የብርብራ መርዝ የዓሣውን መተንፈሻ ያግዳል። ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም አብሮ ይንሳፈፋል። አንድ ቀን ዓሣ ለመብላት ሲባል የብዙ ዓመት ዓሣ ይሞታል።

ለቤት መሥሪያ ተብሎ ጠጠርና አሸዋ ከወንዝ ሲዛቅ ደግሞ እንቁላል መጣያው ይጠፋል። ተዳፋቱ ሲታረስና ዛፉ ሲቆረጥ አፈሩ ታጥቦ ይወርድና ጠጠሩን ይሸፍነዋል። እንደ ርብ ግድብ ያለ ግድብም ለመስኖ ይጠቅማል፤ ለሚወጣ ዓሣ ግን መንገድ ይዘጋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭም ሌላ ችግር ሆኖ ተጨምሯል።

በሌላው ዓለም የሆነውን እንንገራችሁ። ፊሊፒንስ በምትባል አገር ላናዎ የሚባል ሐይቅ አለ። እዚያም እንደ ጣና ነጭ ዓሣ ያሉ፣ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ የካርፕ ዘመዶች ነበሩ። ከመጠን በላይ ተጠመዱ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣም ሐይቁ ውስጥ ገባባቸው። ዛሬ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ስለዚህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሆኖ የቀረው እንዲህ ያለ የካርፕ ዘመድ የጣናው ብቻ ነው ይባላል።

በማታው ክፍል የተደረገ ክርክር

ይህን ነገር በማታው ትምህርት ላይ አንስተን ተነጋገርንበት። በዓሣ የሚተዳደሩ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።

«ልጆቼ፣ የምትሉት ይገባኛል። ግን ክረምት እኮ ለእኛ መኸር ነው። በበጋ ዓሣውን ፍለጋ ስንንከራተት እንከርማለን። ነሐሴ ላይ ራሱ ይመጣልናል። ነሐሴ ደግሞ ጎተራ ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። መረቤን ላንሳ ብል ልጆቼ ምን ይበላሉ? እኔ ባነሣስ ጎረቤቴ ይተወዋል?» አሉ።

ከጉማራ በኩል የመጡ አንዲት ገበሬ እናት መለሱላቸው። «ወንድሜ፣ መኸር ካሉት ዘር ይቀመጣል። እኛ ሰኔ ላይ ምን ቢርበን የዘሩን ጤፍ አንፈጨውም። ከጎረቤት እንበደራለን እንጂ ዘሩን አንነካም። እርስዎ ነሐሴ ላይ የሚይዙት እኮ ዘሩን ነው» አሏቸው።

እኒያ አባት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለውም «እሺ፤ የእናንተው ሰዎችስ ብርብራ መጨመሩን ይተዉታል? እኛ ከታች ብንቆጥብ ከላይ በመርዝ ካለቀ ምን ጥቅም አለው?» ብለው ጠየቁ።

ክፍሉ ተንጫጫ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ወንዙ አንድ ነው። ከላይ ያለው ካልተወ ከታች ያለው አይተውም፤ ከታች ያለው ካልተወም ከላይ ያለው አይተውም። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው ውሳኔ ሊሆን አይችልም። አብሮ መወሰን ያስፈልጋል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ሕግ አለ። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በመርዝ ዓሣ መግደል ክልክል ነው። ነገር ግን ጣና ሰፊ ነው፤ ወንዙም ብዙ ነው። በየወንዙ አፍ ጠባቂ ማቆም ያስቸግራል። ዋናው ጠባቂ እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

በክፍላችን የተነሡትን ሐሳቦች ከዚህ በታች ጽፈናል። ለእናንተ ቀበሌ የሚስማማውን እናንተው ምረጡ።

1. ግጦሽ እንከልል የለ? ሣሩ እስኪደርስ ከብት እንዳይገባ በስምምነት እንከላከላለን። የወንዝ አፍም እንዲሁ ይከለል። በተለይ ነሐሴና መስከረም መረብ አይጣልበት።

2. በእነዚያ ወራት መረብ የሚጥል ሰው ከወንዝ አፍ ርቆ፣ ወደ ሰፊው ሐይቅ ወጥቶ ይጣል። ከወንዙ ዳር እስከ ዳር የሚዘጋ መረብ ግን በጭራሽ አይጣል። አንዱ ቢያዝ ሌላው ማለፊያ ይኑረው።

3. ዓይኑ ጠባብ መረብ ገና ያልወለደውን ትንሽ ዓሣ ይይዛል። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ስለዚህ ዓይኑ ሰፋ ያለ መረብ ይሻላል።

4. በግንቦት ፀሐይ ዓሣ ቋንጣ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል። ንጹሕ ቦታ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በደንብ ከደረቀ ለነሐሴ ይደርሳል። አጥማጆች በበጋ እቁብ ጥለው ዕጣውን በክረምት ቢያወጡም ይረዳል።

5. ከላይ ያለው ገበሬ ብርብራ ወንዝ ውስጥ አይጨምር። ጠጠር ሲያስፈልገው እንቁላል ከሚጣልበት ገባር ወንዝ አይዛቅ። የወንዙን ዳር ሳያርስ ጥቂት እርምጃ ይተው። ሣሩ አፈሩን ይይዝለታል፤ ለከብቱም ይሆነዋል።

6. የላይኞቹና የታችኞቹ ሽማግሌዎች ከሐምሌ በፊት ይገናኙ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ዛሬ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል፤ ቃለ ጉባኤውን ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ጽሑፉ በሁለት ይገልበጥ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይቀመጥ።

እኒያ አባትና እኒያ እናት ገና አልተስማሙም። ግን በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ሊገናኙ ቀጠሮ ይዘዋል። ምን ላይ እንደ ደረሱ ሰምተን እንጽፍላችኋለን።

የቃላት ፍቺ

ገባር ወንዝ፦ ወደ ትልቅ ወንዝ የሚገባ ትንሽ ወንዝ።
የወንዝ አፍ፦ ወንዝ ሐይቅ ውስጥ የሚገባበት ቦታ።
ተመራማሪ፦ አንድን ነገር እየለካና እየቆጠረ የሚያጠና ሰው።
በመቶ፦ ከመቶ እጅ። 75 በመቶ ማለት ከ100 ላይ 75 ማለት ነው።
ቃለ ጉባኤ፦ ሰዎች ተሰብስበው የተናገሩትና የወሰኑት የሚጻፍበት ወረቀት።

ጥያቄዎች

1. በክረምት ቀረሶ የት ይራባል? አምባዛስ? ነጭ ዓሣስ?
2. የነጭ ዓሣ ጥርስ የት ነው?
3. ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ጭቃ ላይ ቢጥል ምን ይሆናል?
4. ሒሳብ። አንዲት ዓሣ 3,000 እንቁላል ጣለች እንበል። ከየ1,000ው እንቁላል 2ቱ ብቻ ቢያድጉ ስንት ዓሣ ይደርሳል? እንዲህ ያሉ 10 እናት ዓሦች በአንድ ሌሊት መረብ ውስጥ ቢገቡ ስንት ዓሣ ሳይደርስ ቀረ?
5. ለመወያየት። እናንተ ከወንዙ በላይ ናችሁ ወይስ በታች? ከሌላው ወገን ምን ትፈልጋላችሁ? እናንተስ ምን ትተዉለታላችሁ? መልሳችሁን በ5 መስመር ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ ስጡ።

የሒሳቡ መልስ፦ 6 ዓሣ፤ 60 ዓሣ።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ስለ ደንገል እናነባለን። ደኅና ሰንብቱ።